የማይራገጠው በሬ

ከመስታወቱ ወዲያ ያለው በሬ ፀጥ አለ። ከመስታወቱ ወዲህ ያለነው ሰዎች አጨበጨብን።

እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አልዋሽም። ነጭ ጋዋኔን ለብሼ፣ የግምገማ ቅጼን ደረቴ ላይ ታቅፌ፣ ከኮሚቴው መሐል ቆሜ እልል ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሥራዬ ተጠቅልሎ ሲታይ አንድ ጥያቄ ነው፤ ከብቱ ቢላዋ ሳይነካው በፊት በትክክል ደንዝዟል ወይስ ይሰማዋል? አዲስ የማደንዘዣ ማሽን ያለ እኔ ፊርማ የትኛውም ቄራ አይገባም። ይህንን ማሽን ለሙከራ እዚሁ ቄራ ተተክሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ ገምግሜው ነበር። እኩለ ቀን ላይ በስብሰባ አዳራሹ መፈረም ብቻ ነው የቀረኝ።

ማሽኑን የሠራው አባቴ ነው። በዚህ ሙያ ያለነው በጣት የምንቆጠር ስለሆንን ኮሚቴው ይህንን እያወቀ ነው የመደበኝ። እኔም «ለአባቴ ብዬ አላዳላም» ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ነው የገባሁበት።

«ተመልከቱልኝማ!» አለ አባዬ። ስልሳ ዓመቱን የደፈነ መሐንዲስ እንደ ትንሽ ልጅ በደስታ ይንቀጠቀጣል። «አንዲት እግር አነሳ? አንዲት ድምፅ አሰማ? አሥራ አንድ ዓመት የደከምኩት ለዚህች ፀጥታ ነው!»

ማሽኑ ሁለት ቁልፍ አለው። የመጀመሪያው ቁልፍ በሬው ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሪክ ልኮ ያደነዝዘዋል። ሁለተኛው ደግሞ ለሃያ ሰከንድ ሰውነቱን በኤሌክትሪክ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ እንዳይራገጥ። በድሮው መንገድ በሬው ግንባሩን በማደንዘዣ ሽጉጥ ይመታና ወድቆ ይራገጣል። በዚያ እርግጫ የሠራተኛ ክንድ ይሰበራል፣ ጉልበት ይወልቃል። በአባዬ ማሽን ግን ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ቅጼ ላይ ከዓይን መርገብገብ፣ ከድምፅ፣ ለመነሳት ከመሞከር ትይዩ «የለም፣ የለም፣ የለም» እያልኩ ሞልቼ፣ ከታች «እጅግ የተረጋጋ» ብዬ ጽፌያለሁ። በገዛ እጄ።

የድሮውን ሽጉጥ የሚይዘው ሰው በዚያ ጠዋት አልነበረም። ሥራ ከቀረ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ሽጉጡ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሳየው ልቤን አንዳች ነገር ቆነጠጠኝ። ተናድጄበት ነበር፤ ናፍቆኝም ነበር። ሁለቱ አብረው ሲመጡ የትኛውን ማስቀደም እንዳለብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

*

ሠራተኞቹ «ዝምተኛው» ይሉታል። አባቱም ከብት አራጅ ነበር፤ እሱም ከአባቱ ተረክቦ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቷል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አንድ በሬ መትቶ ከጣለ በኋላ ጎንበስ ብሎ፣ በጣቱ ጫፍ የበሬውን ሽፋሽፍት በቀስታ ነካ። ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ወደ አራጁ ዞሮ «የለም!» ብሎ ተጣራ። በሬው ውስጥ ማንም የለም፣ ልትቀጥል ትችላለህ ማለቱ ነው። እሱ «የለም» ሳይል ማንም ቢላዋ አያነሳም። ያንን ሁሉ ግዙፍ አካል ጥሎ፣ በዚያች ጣት ብቻ ሲጠይቀው ሳይ... ምን ልበላችሁ፣ እዚያው አለቀልኝ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እኔ ቅጼን ገልብጬ እንደያዝኩ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሰባት ወር ተዋደድን። ከዚያ አንድ እሑድ አባዬ ቤት ለምሳ ወሰድኩት።

ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ መጣ። እጁን ሦስት ጊዜ ሲታጠብ አይቼዋለሁ። ገበታው ላይ ከመቀመጡ አባዬ ፈገግ ብሎ «እጅህን ታጥበሃል አይደል?» አለው። እሱም «ታጥቤያለሁ አባባ» አለ። አባዬ አላበቃም። «ይቅርታ፣ ነገሩ... አንዳንድ እጅ ታጥቦ አይጠራም ብዬ ነው» አለ። ዝምተኛው ሁለት እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር አስገባ። ምንም አልመለሰም። እኔ? እኔ ሰሃኔን አየሁ። ዶክተሯ፣ አንደበተ ርቱዕዋ፣ ሰሃኔን አየሁ።

ስንወጣ መንገድ ላይ «ስለ ማሽኑ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ልክ አይመስለኝም» አለኝ።

የሰደበው አባቴ፣ የተቆጣሁት እኔ!

«ገና ለገና ሥራዬን ይቀማኛል ብለህ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። «አባቴ ተናግሮህ አፍህን ለጉመህ፣ አሁን በሥራው ትመጣበታለህ? ሰው ሲሰድብህ እንኳ የማይሰማህ ድንጋይ ነህ!»

አየኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ የሆነ ነገር እስኪረጋገጥ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነው። ከዚያ ዞሮ ሄደ። በማግስቱ ሰኞ ሥራ አልገባም። ከሰዓት በኋላ የበር ጠባቂው አንድ ፖስታ ሰጠኝ። ላዩ ላይ ስሜ ተጽፏል፤ ግን እንዴት ያለ ጽሕፈት! ፊደሉ እርስ በርሱ ይረግጣል፣ መስመሩ ይወላገዳል። የእሱን እጅ ጽሑፍ አውቀዋለሁ፤ የቄራው መዝገብ ላይ እንደ ታተመ ነው የሚጽፈው። ሰክሮ ነው የጻፈው ብዬ ደመደምኩ። ጠጥቶ ሊሰድበኝ! ፖስታውን ሳልከፍተው ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ወሸቅኩት። ስድስት ቀን እዚያው ተቀመጠ። ዕድሜ ለኩራቴ፣ አንድም ቀን አልከፈትኩትም።

*

ሠርቶ ማሳያው ካለቀ በኋላ ለፊርማው ፎቶ ንጹሕ ጋዋን ልቀይር ወደ ልብስ ክፍል ሄድኩ። ልብስ የሚያጥቡትን ሴት ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። የቄራውን የደም ልብስ ሁሉ ሲያጥቡ ኖረው፣ የማያውቁት ምስጢር የለም።

«አምጪ የኔ ልጅ፤ ኪስሽን ግን ፈትሺ። ባለፈው እስክሪብቶ ትተሽብኝ ያንን ሁሉ ልብስ ሰማያዊ አድርገሽብኛል» አሉኝ። ራሳቸው እጃቸውን ሰደዱና ፖስታውን አወጡ። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ዶክተርዬ፣ ይህንን አልከፈትሽውም እንዴ?»

«አልከፈትኩትም።»

«በስመአብ! ታዲያ ስለ እጁ ማን ነገረሽ?»

«የማን እጅ?»

እትዬ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። ያ ዝምተኛ ልጅ እኮ ነው የሚጮኸው! ከማሽኑ ሥር ተንበርክኮ ቀኝ እጁን ታቅፎ... እኔ ነኝ በእርጥብ ፎጣ የጠቀለልኩለት። ከሐኪም ቤት ተመልሶ ደብዳቤውን በግራ እጁ ሲጽፍም ወረቀቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ለማንም እንዳልተነፍስ አስምሎኝ፣ አንቺ ግን አንብበሽ ታውቂያለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እንዲያውም ታዝቤሽ ነበር፤ እንዴት አንድ ቀን አትጠይቀውም ብዬ።»

ፖስታውን ከእጃቸው ነጠቅኩ። እዚያው ቆሜ ቀደድኩት።

«ጽሕፈቴን አይተሽ ሰክሯል እንዳትዪ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ትደርሺበታለሽ።

ሥራውን ስለሚቀማው ነው ብለሽኛል። መንገዱን ሁሉ ሳስበው ሄድኩ። እውነቷን ቢሆንስ ብዬ ራሴን ጠረጠርኩ። ስለዚህ ላረጋግጥ ብዬ ነው ያደረግኩት፤ ጀግና ለመሆን አይደለም።

በደንብ የደነዘዘ በሬ መጀመሪያ ግትር ይላል፣ ቀጥሎ ይራገጣል። የሚራገጠው እሱ አይደለም፤ እሱ ሄዷል፣ ሰውነቱ ብቻ ነው የቀረው። አንቺ ይህንን ከመጽሐፍ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ከጉልበቴ ጠባሳ። ሳይራገጥ «የለም» ያልኩበት በሬ የለም። የአባትሽ በሬዎች ግን አይራገጡም። ሁለተኛው ቁልፍ ይዟቸዋላ! የመጀመሪያው ይሥራ አይሥራ በምን ይታወቃል? ባለፈው ሳምንት ጭንቅላቱን የሚነኩትን ብረቶች ሳጥብ፣ የአንደኛው ጫፍ አልቆ ቆዳውን በደንብ እንደማይነካ አየሁ። ማሽኑን ለሚያሠራው ኦፕሬተር ብነግረው «ታዲያ ፀጥ ይላሉ አይደል?» አለኝ። ሽፋሽፍታቸውን ልንካ ብል ኤሌክትሪክ አለ ተብዬ ተከለከልኩ።

ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይገባ ቀኝ እጄን ሰውነታቸውን ከሚይዘው ብረት ላይ አስደግፌ ሁለተኛውን ቁልፍ ተጫንኩ። ሃያ ሰከንድ። እጄን ከውጭ ብታዪው የተኛ እጅ ነው፤ አንዲት ጣት ማንቀሳቀስ አልቻልኩም። ውስጡ ግን እሳት ነበር። አንድም ነገር አላመለጠኝም፤ ሁሉም ተሰማኝ። እኔ አፌ ነፃ ነበር፣ ጮህኩ። እነሱ አፋቸውም ተይዟል።

ሐኪም ቤት ሄጃለሁ፤ አትደንግጪ። ጣቶቼ ለጊዜው አይሰማቸውም። ይመለሳል አሉኝ፤ ላይመለስም ይችላል አሉኝ። እናንተ ሐኪሞች እንዲህ ናችሁ።

እንዳትፈርሚ አልልሽም። ሁለተኛውን ቁልፍ አስጠፍተሽ አንድ በሬ ብቻ እዪ። አንድ። ከዚያ በኋላ ያንቺ ነው።

አባትሽ ቤት ዝም ያልኩት ስላልተሰማኝ አይደለም።»

የመጨረሻውን መስመር ደግሜ አነበብኩት። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ እያለሁ፣ ይህንኑ ስለ እርግጫ ያለውን ነገር ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ሙሉ ማርክ! ከዚያ ማስላት ጀመርኩ። ለሙከራው በቀን አርባ በሬ። ከሰኞ እስከ አርብ ሁለት መቶ። ወረቀቱ እኔ ኪስ ውስጥ፣ እነሱ እዚያ የማሽኑ ብረት ሳጥን ውስጥ። ከሁለት መቶው ስንቱ እንደተሰማው አላውቅም፤ አለማወቄ ነው ያንገበገበኝ። እትዬ ትከሻዬን ይዘው «አልቅሺ እንጂ ልጄ» ይሉኛል። እንባ የት አባቱ! ደርቄ ቀረሁ።

*

«አንድ በሬ» አልኩት አባዬን፣ ከአዳራሹ በር ላይ ክንዱን ይዤ። «ሁለተኛውን ቁልፍ አጥፍተን። አንድ ብቻ።»

«ሰዎቹ እስክሪብቶ ይዘው ተቀምጠው? ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«አባዬ፣ በሞቴ።»

በሞቴ ስለው እምቢ ብሎኝ አያውቅም። መጣ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሽጉጥ አወረድኩና ጥይት አጎረስኩት፤ ሐኪም ስለሆንኩ ፈቃዱ አለኝ፣ ተኩሼበት ግን አላውቅም። ከመስታወቱ ወዲያ ገባሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን በር አልፌ አላውቅም ነበር። ወዲያው የበሬው ትንፋሽ ሙቀት ፊቴን መታኝ። ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ገና ጎረምሳ በሬ ነው።

ኦፕሬተሩ የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫነ። ሁለተኛውን ተወው።

በሬው ጉልበቱ ታጠፈ፤ ዓይኑ ተከደነ። አባዬ ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ «ይኸው!» ሲል ሰማሁት። አንድ። ሁለት። ሦስት። አልተራገጠም። ግትርም አላለም። አራት ስል በሬው ዓይኑን ገለጠ። ሽፋሽፍቱ ተርገበገበ። ጭንቅላቱን ከፍ አድርጎ አየኝ፤ ከዚያ ከሆዱ የወጣ፣ ረጅም፣ የሚለምን ድምፅ አሰማ።

ኦፕሬተሩ ቁልፉን እንደያዘ ደነገጠ። «ሁሌም... ሁሌም እንዲህ ናቸው እንዴ?» አለ፤ የጠየቀው ማንን እንደሆነ እንጃ።

ሽጉጡን ነጩ ምልክት ላይ ደገንኩ። «ይቅርታ» አልኩት፣ ጮክ ብዬ፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳልል። ተኮስኩ።

በሬው ዱብ አለ። ግትር አለ። ከዚያ እግሮቹ ብረቱን ይደበድቡት ጀመር፤ ደው! ደው! ደው! ሳጥኑ በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ከዚህ በፊት የምሳቀቅበት ድምፅ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዷ እርግጫ «ሄዷል፣ ሄዷል» ስትለኝ ነው የሰማኋት። ጎንበስ ብዬ ጣቴን ሽፋሽፍቱ ላይ አሳረፍኩ። ጠበቅሁ።

«የለም!» ብዬ ተጣራሁ።  እንባዬም ያኔ መጣ።

ቀና ስል አባዬ ከመስታወቱ ማዶ የለም። በሩን አልፎ ገብቶ፣ እርጥቡ ወለል ላይ፣ ለፊርማው በለበሰው ሙሉ ሱፍ ዘጭ ብሎ ተቀምጧል። አጠገቡ ሄጄ ቁጭ አልኩ።

«ገና ሥራ እንደጀመርኩ አንድ ሠራተኛ በእርግጫ ሲሞት አይቻለሁ» አለኝ፣ ወለሉን እያየ። «ከፊቴ ላይ ነው የሞተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳይራገጡ ብቻ ነበር ሐሳቤ። ፀጥ ሲሉ... ልጄ፣ ፀጥ ሲሉ እኮ ደህና ናቸው ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ አባዬ። እኔም።»

«ማን ነው የነገረሽ? ያ ልጅ ነው?»

«አዎ። ቀኝ እጁን ማሽንህ ላይ አድርጎ ነው ያወቀው። ጣቶቹ አይሰማቸውም።»

አባዬ ቀና አለ። ምሳ ላይ የተናገረው ትዝ እንዳለው ከፊቱ አነበብኩ። የገዛ ሁለት እጆቹን አነሳና እንደ ባዕድ እጅ አገላብጦ አያቸው። ቅጹን አውጥቼ «እጅግ የተረጋጋ» የሚለውን ሰረዝኩና «አልፈቀድኩም» ብዬ ጻፍኩ። እስክሪብቶው የአባዬ ነበር። ራሱ ነው ከኪሱ አውጥቶ የሰጠኝ።

*

ቤቱ የከብት መኪኖች የሚያልፉበት ዋናው መንገድ ዳር ነው። በሩን በግራ እጁ ከፈተልኝ። ቀኙ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አየሁት፤ አላመንኩም፤ ደግሜ አየሁት። ወረቀት ላይ ማንበብ ሌላ፣ ማየት ሌላ።

«ሰኞ ትመጪያለሽ ብዬ ቤት ጠረግሁ» አለኝ። «በአንድ እጅ መጥረግ ቀላል እንዳይመስልሽ። ማክሰኞም ጠረግሁ። ሐሙስ ላይ ተውኩት።»

«ደብዳቤውን አላነበብኩትም ነበር። ሰክረህ የጻፍከው መስሎኝ።»

«መጀመሪያው መስመር ላይ አልሰከርኩም ብያለሁ እኮ።»

«መጀመሪያውን መስመር ለማንበብ መክፈት ያስፈልጋል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። አልሳቀም። በመንገዱ አንድ ባዶ መኪና እየተንጓጓ አለፈ፤ ሁለታችንም ዞረን አየነው።

«ሁለት መቶ» አልኩት።

«ሁለት መቶ» አለኝ እሱም። «መኪኖቹን ከመስኮት ስቆጥር ነው የከረምኩት።»

«አቆምኩት። አልፈረምኩም። በራስህ ሽጉጥ... » መጨረስ አቃተኝ። «እኔ እኮ ስድስት ቀን ሙሉ ያንተን ዝምታ እንደ ንቀት ቆጥሬ... አባቴ ቤት የማይሰማህ መስሎኝ! ደንታ የሌለህ መስሎኝ! እኔ ነኝ ድንጋዩ። ሰሃኔን ያየሁት እኔ ነኝ።»

«ተሰምቶኛል» አለኝ፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። በሰባት ወር ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼው አላውቅም። «የአባትሽ አልነበረም የባሰው። የሰሃኑ ነው።»

 ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ አነሰብኝ። እጄን ዘረጋሁ።

«ላየው።»

አወላወለ። ከዚያ ቁጭ አለና ፋሻውን እንድፈታ ፈቀደልኝ። ክንዱ ላይ የብረቱ ጠርዝ አርፎበት የነበረው ቦታ ቀልቷል። ጣቶቹ ፀጥ ብለዋል፤ እነዚያ ስንቱን ሽፋሽፍት የነኩ ጣቶች። «ዓይንህን ጨፍን» አልኩት። ጨፈነ። በጣቴ ጫፍ፣ እሱ እንደሚያደርገው በቀስታ፣ አውራ ጣቱን ነካሁ።

«አለ?»

«የለም።»

ሌባ ጣቱን።

«የለም።»

የመሐሉን። ራሱን ነቀነቀ። የቀለበት ጣቱን ስነካ ከንፈሩን ነከሰና «የለም፤ ተዪው በቃ» አለኝ። አልተውኩትም። ትንሿን ጣት ነካሁ፤ አንዲት የቀረችውን።

ዝም አለ።

ድሮ ቢሆን ያንን ዝምታ በራሴ ልክ ተርጉሜ፣ ተነስቼ ሄጄ ነበር። አሁን ግን ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። የበሬውን ሽፋሽፍት ነክቼ ከጠበቅሁት በላይ ጠበቅሁ። ከተጨፈኑት ዓይኖቹ ሥር እንባ ወርዶ አገጩ ላይ ደረሰ።

«ትንሽ» አለኝ በመጨረሻ። «በጣም ትንሽ። ግን አለ።»

ጣቴን አላነሳሁም።